የሰሚው ሰው የመጨረሻ ቃል
(የኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ትረካ ሲመረመር)

ይህ አጭር ጽሑፍ የአንድ የጸጥታ ሹም ሕይወት በቃል ትረካ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀረጸ ለመመርመር ይሞክራል። ሹሙ የጎንደር ተወላጅ የሆኑት ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ናቸው። ኮሎኔሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የጸጥታ ክፍል ይመሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ተካፈሉ። ሙከራው ከሽፎ በተከበቡ ጊዜ፣ ከቴዎድሮስ የተማሩት ነገር እንዳለ ተናግረው ራሳቸውን እንደ ገደሉ ይተረካል።

ቃሉ ለጎንደር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የቋራው ካሣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መምረጣቸውን ያልሰማ የለም። ከሥነ ቃል አንጻር ሲታይ ንግግሩ ፉከራ ነው። ፎካሪ ዘሩን ጠርቶ ማንነቱን እንደሚያስታውቅ ሁሉ፣ ኮሎኔሉም ቴዎድሮስን ጠርተው የሞታቸውን ትርጉም አስቀድመው ይወስናሉ። የቃሉ ምስክሮችም የከበቧቸው ሰዎች እንጂ ወዳጆቻቸው አይደሉም፤ በባላጋራ አንደበት መነሣት ደግሞ ለጀግና ትልቅ ክብር ነው። የትረካው ኃይል እዚህ ላይ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የጸጥታ ሹም ሙያው መስማትና ዝም ማለት ነው። ትረካው ግን ለዓመታት ሲሰሙ የኖሩትን ሰው በአንዲት ንግግር ብቻ ያስታውሰናል። ሲደመጡ የነበሩት ሰዎች በትረካው ውስጥ ድምፅ የላቸውም። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የተረሸኑት ሹማምንትም ስማቸው አይነሣም። ንጽጽሩም ቢሆን ምሉዕ አይደለም፤ ቴዎድሮስ የገዛ ዙፋናቸውን ከባዕድ ጦር ሲከላከሉ ሞቱ፣ ወርቅነህ ግን ይጠብቁት በነበረው ዙፋን ላይ ተነሡ።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» የስለላ ሰዎችን በሥራቸው መካከል አሳይቶናል። የወርቅነህ ታሪክም የሚሻው ይህንኑ ዓይን ነው። አሟሟታቸው አኗኗራቸውን እንዲሸፍነው ከፈቀድን ዋናው ጥያቄ ያመልጠናል፤ ይኸውም ስለ ሥርዓቱ ከብዙዎች ይልቅ ያውቁ የነበሩት ሰው ምን ሰምተው ከዱት የሚለው ነው። ፉከራው ይህን አይመልስም፤ መጠየቁ ግን የሐያሲ ድርሻ ነው።