ካርታውን የያዘው እጅ

በልቦለድ ውስጥ ጥንቆላ አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ ነው። ጠንቋይዋ ካርታ ትገልጣለች፤ የሞት ሥዕል ይወጣል፤ አንባቢ ይደነግጣል፤ ታሪኩ ግን ካርታው ወጣም አልወጣ ወደሚሄድበት ይሄዳል። «ከርስ ኦፍ ስትራድ» ከዚህ ልማድ የወጣ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው ከሲያትል በስተደቡብ፣ በሬንተን ከተማ የሚገኘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ባለቤት ነው። በዚህ ጨዋታ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ጠረጴዛ ከበው ታሪኩን በቃል ይፈጥሩታል።

የመጽሐፉ መነሻ ትሬሲና ሎራ ሂክማን በ1983 ያወጡት «ሬቨንሎፍት» ነው። ዓለሙ በጉም የታጠረችው ባሮቪያ፣ ገዥዋም ደም መጣጩ ስትራድ ነው። በመጀመሪያው ሥራ ዕጣ የሚነበበው በተራ የመጫወቻ ካርታ ነበር። በኋላ ግን ለዚህ ዓለም የራሱ ካርታ ተሠራለት፤ ስሙም ታሮካ።

የታሮት ካርታዎች 78 ናቸው፤ ታሮካ 54 አለው። በንባቡ አምስት ካርታዎች ይወጣሉ። ሦስቱ የስትራድ ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ቅዱሱ ምልክትና የብርሃን ሰይፉ የት እንደተደበቁ ይናገራሉ፤ አራተኛው አጋዥ የሚሆነውን ሰው፣ አምስተኛው ስትራድ ራሱ የሚገኝበትን ስፍራ። የወጣው ካርታ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እውነት ይሆናል። ሌላ ካርታ ቢወጣ ኖሮ ሰይፉም ሌላ ቦታ በተገኘ ነበር። የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ትንቢቱ የታሪኩን መንገድ ራሱ ይቀይሳል።

ሥዕሎቹም ዝም ብለው አልተገለበጡም። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው በ1909ኙ ታሮት ሞት በነጭ ፈረስ የተቀመጠ አፅም ነው፤ ታሮካ ውስጥ «ፈረሰኛው» የእሱ ዘመድ ነው። «ጉሙ» ግን በታሮት የለም፤ ባሮቪያን የሚያስራት ጉም ስለሆነ የራሱን ካርታ አግኝቷል። ከሁሉ የሚገርመው «ቁራው» ነው። ሄዶ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ለሚል ኢትዮጵያዊ፣ ቁራ የስውር በጎ ነገር ምልክት ሲሆን ማየት እንግዳ ነው። በባሮቪያ ግን ቁራ የሚሆኑ ሰዎች በስውር ስትራድን ስለሚታገሉ ትርጉሙ ከምድሩ የበቀለ ነው።

ችግሩ ካርታውን የያዘው እጅ ላይ ነው። ዕጣውን የምታነበው ማዳም ኢቫ ቪስታኒ ከሚባሉ ተጓዥ ሕዝቦች ናት፤ ቪስታኒ ደግሞ የተቀረጹት የአውሮፓ ሮማ ሕዝቦች በሚታሙበት መልክ ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነበር። በ1781 ኩር ደ ጀብላን የተባለ ፈረንሳዊ ምንጩ የጥንት ግብፅ ነው ሲል ጻፈ፤ የግብፅ ጽሕፈት ገና ባልተነበበበት ጊዜ ማስረጃ ሊኖረው አይችልም ነበር። ካርታውን ከሮማ ሴት እጅ ጋር ያጣበቀው እንዲህ ያለ ተረት ነው። በ2020 አሳታሚው የቪስታኒ አሣሣል ይህን የተዛባ አመለካከት እንደሚያስተጋባ አምኖ መጽሐፉን አርሟል። እርማቱ ተገቢ ቢሆንም ዘግይቷል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል አዲስ ሥር የፈለገ ደራሲ፣ ለአንባቢዋ ግን የተገኘውን ሐሜት አልብሷታል።

«ልብ ወለድ አይደል፣ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። እኛ ዘንድ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ፣ ከእነሱም ብዙ ቤተ እስራኤላውያን፣ «ቡዳ» ተብለው ሲፈሩና ሲገለሉ ኖረዋል። ለአንድ ሕዝብ ምሥጢራዊ ኃይል መስጠት ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም፤ ከማዕድ የማራቂያ ዘዴም ሆኖ ያውቃል። ነገ ከጠልሰም፣ ከሞራ ገላጭ ወይም ከኮከብ ቆጠራ ተነስቶ ምናባዊ ዓለም የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

መዋስ ራሱ ነውር አይደለም። የዐውደ ነገሥት ኮከቦች ሐመል፣ ሠውር፣ ሚዛን የሚሉት ስሞቻቸው ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ባለቤት የሆንባቸው በአጠቃቀማችን ነው፤ የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር ይደመርና በ12 ይገደፋል። ኮከቡ ከሩቅ ቢመጣም፣ ያለ እናት ስም አይቆጠርም። ታሮካ ለቁራውና ለጉሙ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶላቸዋል፤ ለማዳም ኢቫ ግን አልሠራላትም።