የሰዓሊ ዓይን፣ የሰው ፊት፦ ቫልተር ሩትማን ከሸራ ወደ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1887 ፍራንክፈርት የተወለደው ቫልተር ሩትማን በዙሪክ ሥነ ሕንፃ፣ በሙኒክ ሥዕል ተምሯል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቁ ግንባር በመድፈኛነት ተሰልፎ አእምሮው ታወከ። ከዚያ በኋላ ሸራ አልበቃው አለ። ጊዜ የማይፈስበት ሥዕል የዘመኑን ጥድፊያ ሊይዝ አይችልም የሚል አቋም ይዞ፣ መስታወት ላይ እየቀባና እየፋቀ ለውጡን ፍሬም በፍሬም በካሜራ ማንሳት ጀመረ። በ1921 በርሊን ውስጥ ለሕዝብ የታየው «ኦፐስ 1» የዚህ ሙከራ ፍሬ ነው። ተዋናይም ታሪክም የለውም፤ ማክስ ቡቲንግ በደረሰለት ሙዚቃ ታጅበው ክቦችና ማዕበል መሰል ቅርጾች እያበጡ ይሟሟሉ። እስከ 1925 ሦስት ተከታይ «ኦፐሶች»ን ሠራ። በዚሁ መሀል ለእንጀራው ማስታወቂያ ይሠራ ነበር፤ በፍሪትዝ ላንግ «ኒቤሉንገን» ፊልም ውስጥ የምናየው የጭልፊት ሕልምም የእሱ እጅ ነው።

ዝናው ግን በ1927ቱ «በርሊን፦ የታላቅ ከተማ ሲምፎኒ» ላይ ይቆማል። መክፈቻውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሰዓሊውን ወዲያው ያገኘዋል። የውሃ ሞገድ ወደ አግድም መስመሮች ይለወጣል፤ መስመሮቹ ይወርዱና የባቡር ማቋረጫ መዝጊያ እንጨት ይሆናሉ። «ኦፐስ» በአንድ ቅጽበት ከተማ ሆነ! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ሕግ ይመራል። ወደ ሥራ የሚጎርፉ ሰዎች እግር ከከብቶች እግርና ከወታደሮች ሰልፍ ጋር ይቀጣጠላል፤ የሚያገናኛቸው እንቅስቃሴያቸው ብቻ ነው። የፊልሙን ሐሳብ ያመነጨው ካርል ማየር ሥራው ላይ ላዩን ሄደ ብሎ ራሱን አገለለ። የፊልም ሃያሲው ሲግፍሪድ ክራካወርም ተቃርኖን በቅርጽ መሸፈን ነው ሲል ነቀፈው። ነቀፋው ትክክል ነው፤ የጎደለው ምክንያቱ ነው። ሩትማን ሰውን የሚያየው በመስታወቱ ላይ ያለውን ቀለም በሚያይበት ዓይን ነበር፤ ፊልሙን ውብ ያደረገውም ፊት አልባ ያደረገውም ይኸው አንድ ዓይን ነው። ከድልድይ ላይ ወደ ውሃ የምትወረወረው ሴት እንኳ ከሽክርክሪት ምስሎች እንደ አንዱ ታልፋለች።

አንድ ሥራው ከዚህ ወቀሳ ያመልጣል፤ በ1930 በፊልም የድምፅ ትራክ ላይ ቀርጾ ያቀናበረው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ አንዳች ምስል የሌለው «ዎከንኤንደ»። የሰንበት ዕረፍት በመጋዝ፣ በደወል፣ በሰው ድምፅ ቁርጥራጭ ይተረካል። ሰዓሊው ዓይኑን ሲጨፍን ሰዎቹ ቀረቡ። ለእኔ ከ«በርሊን» ይበልጥ የሚደፍር ሥራ ይህ ነው፤ ሲኒማውም ሬዲዮውም የእኔ ነው ስላላሉት ይመስለኛል እምብዛም የማይነሳው።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሩትማን አልተሰደደም። ለሌኒ ሪፈንሽታል የናዚ ፕሮፓጋንዳ ፊልም «የፈቃድ ድል» መግቢያ እንዲሠራ ተቀጠረ፤ ሥራው ግን ከፊልሙ ወጣ። በ1935 ብረትን የሚያወድሰውን «ሜታል ደስ ሂመልስ»፣ በ1940 ደግሞ ስለ ጀርመን ታንኮች ፊልም ሠራ። ብዙዎች ይህን ዘመን የአንድ ጥበበኛ ውድቀት ብለው በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ፊልሞቹ ግን በሙያ ረገድ አልወደቁም፤ ምቱ፣ የማሽን ፍቅሩ፣ የቅንብሩ ንጽሕና የቀድሞው ናቸው። ዓላማ የማይጠይቅ የቅርጽ ጥበብ፣ ዓላማ ያለው ጌታ ሲመጣ የሚከላከልበት ምንም አልነበረውም። ሩትማን በ1941 በርሊን ውስጥ በ53 ዓመቱ ሞተ። ፊልም የምታስተምሩ ሁሉ፣ «ኦፐስ»ን ስታሳዩ የብረቱንም ፊልም በዚያው ክፍለ ጊዜ አሳዩ።