የምላስ ጫፍ ሥራ

«እሠራለሁ» በሕንድ በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ «ቼስታኑ» ነው። «ታ» ጊዜውን፣ «ኑ» ባለቤቱን ይናገራሉ። «አልሠራም» ሲባል «ታ» ይወጣል፤ በቦታው አንዲት አጭር አናባቢ ብቻ ትቀርና «ቼየኑ» ይሆናል። እኛ ግሱን ከፊት በ«አል»፣ ከኋላ በ«ም» እናጥረዋለን፤ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና ያሉት ተናጋሪዎች ግን ጊዜውን አንሥተውለት ይተዉታል። «ኑ» ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እንዲህ በጥቂቱ ይህን ያህል የሚናገር አሉታ ብዙ ቋንቋ የለውም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1856 ቴሉጉ የሚመደብባቸውን የድራቪዲያን ቋንቋዎች ንጽጽራዊ ሰዋስው ያሳተመው ሮበርት ካልድዌልም ይህን የአሉታ አሠራር ልብ ብሎ መርምሮታል።

ባለቤትን የሚያሳዩት መጨረሻዎች የራሳቸው ድንበር አላቸው። በነጠላ ወንድ ለብቻው ይቆማል፤ ሴት ከእንስሳና ከግዑዝ ጋር ትሰለፋለች። «ሠራ» «ቼሳዱ» ሲሆን «ሠራች» «ቼሲንዲ» ነው፣ ስለ ማሽንም ቢነገር ያው «ቼሲንዲ»። ይህ አከፋፈል ለሴት ደግ ነው አልልም። ቁጥሩ ሲበዛ ግን ድንበሩ ይዛወራል፤ ሴቶችም ወንዶችም «ቼሳሩ»፣ እንስሳትና ግዑዛን «ቼሳዪ» ይባላሉ። እኛ ለአንድ አዛውንት «ሠሩ» እንደምንል፣ «ቼሳሩ»ም አንድን የሚከበር ሰው ያገለግላል።

ከሁሉ የሚረቀው ጾታ ከአሉታ ጋር ሲገናኝ ነው። «እሱ አይሠራም» እና «እሷ አትሠራም» በእኛ ፊደል ሁለቱም «ቼየዱ» ተብለው ይጻፋሉ። ለቴሉጉ ጆሮ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ለወንዱ «ዱ» የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ ይመታል፣ ለሴቷ ከጥርስ ጀርባ ያርፋል። «ሌዱ» የሚለው «የለም» ከ«የለችም» የሚለየውም በዚሁ ነው። በአዎንታው «ቼስታዱ» እና «ቼስቱንዲ» ተራርቀው ይሰማሉ፤ በአሉታው ወንድና ሴትን የሚለየው የአንዲት ተነባቢ መነገሪያ ቦታ ብቻ ነው።

ያለፈው ጊዜ ሌላ መንገድ ይዟል። «አልሠራሁም»፣ «አልሠራህም»፣ «አልሠሩም» ሁሉም «ቼየሌዱ» ናቸው። ሲፈታ «መሥራት የለም» እንደ ማለት ነውና «ሌዱ» የሚስማማው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከድርጊቱ ጋር ነው፤ ማን እንዳልሠራ ተውላጠ ስሙ ይናገር። መጨረሻዋን ለውጦ «ቼየሌኑ» ያለ ሰው ግን «መሥራት አልችልም» ብሏል፤ ባለቤቱ ወደ ግሱ ተመልሶ ገብቷል። በ«እሷ» ጊዜ «አልሠራችም» እና «መሥራት አትችልም» በጽሑፍ አንድ መልክ ስላላቸው፣ አንባቢው ከዐውዱ ይለያቸዋል።