ብዙ አገልግሎት ይሰጣል ስለሚባለው የኦክሳይድ ቅብ

ስለ ብረታ ብረት ኦክሳይድ ቅቦች የሚጻፉት የምርምር ጽሑፎች ብዙዎቹ፣ አንድ ቅብ ብቻውን ቆሻሻን ያጠፋል፣ ባክቴሪያን ይገድላል፣ አየርንም ያጣራል ይላሉ። እኛ የምንነቅፈው ግኝቱን ሳይሆን አቆጣጠሩን ነው።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን እንመልከት። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉት የጃፓን ሊቃውንት በ1972 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዚህ ኦክሳይድና በብርሃን ውሃን መክፈል እንደሚቻል ገለጡ። በ1997 ደግሞ ብርሃን ባረፈበት ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ሳይንጠለጠል ተዘርግቶ እንደሚፈስ ታወቀ። በ2001 ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ 15 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅብ የለበሰ የመስኮት መስተዋት ለገበያ አቀረበ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ የአገልግሎቶቹ ሁሉ መነሻ አንድ ነው፤ ይኸውም ጨረር ኤሌክትሮንን ከቦታው ማስነሣቱ ነው። አናታዝ የተባለው ዐይነት ለዚህ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚያስፈልገው፣ ከ388 ናኖሜትር በላይ የሆነ ሞገድ አይጠቅመውም። ከፀሐይ ብርሃን ለዚህ የሚበቃው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስቱም አገልግሎቶች ባንድነት ይቀራሉ፤ ሦስት ብሎ መቁጠሩ ለሻጭ እንጂ ለኬሚስት አይስማማም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ፈተናው ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ቅቡ ላይ አድርገው መብራት ያበሩበታል፤ ሰማያዊነቱ ሲጠፋ ቅቡ ሠራ ይላሉ። ነገር ግን ቀለሙ ራሱ የሚታየውን ብርሃን ስለሚጠጣ፣ ኤሌክትሮኑን ለኦክሳይዱ ሰጥቶ ሊፈርስ ይችላል። አንዳንዴም ሳይፈርስ ቀለም አልባ ወደ ሆነ ቅርጽ ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ ቀለም ብቻ ተመስክሮ «በሚታይ ብርሃን ይሠራል» የተባለውን ቅብ አንቀበልም።

የግድግዳ ቀለም ሠሪዎች እኮ ይህንኑ ኦክሳይድ በአሉሚናና በሲሊካ ይሸፍኑታል፤ ብርሃን ሲመታው የቀለሙን ማጣበቂያ እየበላ ግድግዳውን እንደ ጠመኔ እንዳያደርገው ነው። ስለ ብዙ አገልግሎት የሚጽፉት ይህን ጠባይ አያነሡትም።

ለአዲስ አበባ መስኮቶች የሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የአፈር አቧራ ማዕድን ስለ ሆነ በብርሃን አይፈርስም፤ የሚያጥበው ዝናብ ነው፤ አቧራው የሚበዛው ግን በበጋ ነው። የመብራቱ ኀይልና የሞገዱ ርዝመት ሳይገለጥ፣ ቅብ የሌለውም መስተዋት አጠገቡ ሳይቆም የቀረበ ውጤት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።