ድሃው ቴአትርና ምስክሩ

ከቴአትር ላይ መጋረጃውን፣ የመብራቱን ኅብር፣ የፊት ቅቡንና ያማረውን አልባስ አንድ በአንድ ብንቀንስ በመጨረሻ ምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ በመድረክ ላይ አንሥቶ ዕድሜውን የሰጠበት የፖላንዱ አዘጋጅ ጄርዚ ግሮቶቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1933–1999) ነው። ያገኘው መልስ አጭር ነበር፤ ተዋናዩና ተመልካቹ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግሮቶቭስኪ ከሁለቱ አንዱን ስለምን እንደ ተወ መመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሮቶቭስኪ በክራኮው የቴአትር ትምህርት ቤትና በሞስኮ ተምሮ፣ በ1959 ከሐያሲው ሉድቪክ ፍላሸን ጋር በኦፖሌ ከተማ «የአሥራ ሦስት ረድፎች ቴአትር» የተባለውን ትንሽ ቤት ተረከበ። በ1965 ወደ ቭሮትስዋፍ የተዛወረው ቡድን ራሱን ቤተ ሙከራ ብሎ ሰየመ። ስያሜውም ተገቢ ነበር፤ ተዋንያኑ ድምፅንና አካልን ለዓመታት ያለ ዕረፍት ሲያሠለጥኑ፣ አንድ ተውኔት ከብዙ ወራት ልምምድ በኋላ ብቻ ለሕዝብ ይቀርብ ነበር። ይህ «ድሃ ቴአትር» በመንግሥት በጀት የሚደጎም ስለ ነበር፣ ድህነቱ በችግር የመጣ ሳይሆን ታስቦበት የተመረጠ ነው።

የምርጫው ፍሬ በ1962 በቀረበው «አክሮፖሊስ» ታየ። ደራሲው ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ ታሪኩን ያኖረው በክራኮው የቫቬል ካቴድራል ውስጥ ሲሆን፣ ግሮቶቭስኪ ግን ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ አዛወረው። የመድረኩን ቁሳቁስ የነደፈው ዩዜፍ ሻይና ራሱ ከዚያ ካምፕ የተረፈ ሰው ነበር። ጆንያ የለበሱና የእንጨት ጫማ የተጫሙ እስረኞች በተመልካቹ መካከል እየተመላለሱ፣ በምድጃ ቧንቧዎች የገዛ ራሳቸውን ማቃጠያ ይሠራሉ። የፊት ጭምብላቸው የፊታቸው ጡንቻ ብቻ ነው። በመጨረሻም ተራ በተራ ወደ ሣጥኑ ይገባሉ፤ ክዳኑም ይዘጋል። ተመልካቹ በአጠገባቸው ተቀምጦ ምንም አላደረገም። የዝግጅቱ ዋና ትርጉም ይህ ነው፤ በሕይወት ያለው ሰው ዐይቶ ዝም ማለቱ።

በ1965 የቀረበው «ጽኑው ልዑል» ደግሞ ተዋናዩን ከፍ አደረገ። ተመልካቾች ከከፍተኛ የሳንቃ አጥር በስተጀርባ ሆነው ወደ ታች፣ ወደሚሠቃየው ልዑል ይመለከታሉ። ልዑሉን የተጫወተው ሪሻርድ ቼሽላክ ሚናውን የገነባው በሥቃይ ትዝታ ሳይሆን በወጣትነቱ የመጀመሪያ ፍቅር ትዝታ ላይ ነው። ልቅሶን በልቅሶ መኮረጅ ለለመደ ተዋናይ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ በ1969 ለሕዝብ ከበቃው «አፖካሊፕሲስ» ወዲህ ግሮቶቭስኪ አዲስ ተውኔት አላዘጋጀም። በ1970ዎቹ ተመልካችና ተዋናይ ሳይለይ ሰዎችን በአንድነት የሚያሳትፉ ስብሰባዎችን መረጠ። በ1982 ከአገሩ ወጣ፤ ከ1986 እስከ ሕልፈቱ ድረስም በጣሊያን አገር በፖንቴዴራ፣ ለተመልካች ሳይሆን ለሠሪው ለራሱ የታለመ ሥራ ሠራ።

ደጋፊዎቹ ይህን የእድገት ጫፍ ይሉታል፤ በጨለማ ውስጥ የሚቀመጠውን ተመልካች ወደ ተሳታፊነት ማምጣት እርሱን ማክበር ነው ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተመልካች ሥራ ፈት አይደለም፤ ምስክር ነው። «አክሮፖሊስ» ያለ ምስክር ቢቀርብ ኖሮ የሣጥኑ ክዳን የሚዘጋው ማንንም ሳይከስ ነበር። ግሮቶቭስኪ ተመልካቹን በመተው ከሥራው ላይ የቀነሰው ትርፍ ጌጥ ሳይሆን ፈራጁን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው የምንወስደውም የምንተወውም አለ። መድረክ የሌለው መምህር በመማሪያ ክፍሉ፣ መጋረጃ የሌለው ቡድን በአዳራሹ ጥግ ቴአትር መሥራት እንደሚችል አስተምሮናል፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ላብና ሥነ ሥርዓት ነው። ሁሉን መቀነስ እንችላለን። በፊታችን የተቀመጠውን ሰው ግን መቀነስ አንችልም።