ስለ ኮምፒዩተር ተማሪዎች የመጨረሻ ፕሮጀክት አስተቃቀድ፤ ከፎገራ ሜዳ አንጻር የቀረበ ትችት

በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ፕሮጀክት ሠርቶ ማቅረብ እንዳለበት የታወቀ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በቡድን የሚሠራ ሲሆን በሁለት መንፈቀ ዓመት ይከፈላል። በመጀመሪያው ጥናቱና ንድፉ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ፕሮግራሙ ተሠርቶ በፈታኞች ፊት ይቀርባል። ይህ አከፋፈል ለመምህሩ ቁጥጥር የሚያመች መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ በአንድ በተወሰነ ሥፍራ ላይ ሲውል የሚያስከትለውን ጉድለት መመርመር ይገባል። ለምርመራውም ወረታንና የፎገራን ሜዳ መርጠናል።

ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለውን ሜዳ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት ያጥለቀልቁታል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ስለተለመደበት ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚሁ ነው። በከተማይቱም የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በብዛት አሉ። እንግዲህ አንድ ተማሪ «የሩዝ መፈልፈያ መዝገብ በኮምፒዩተር» የሚል ርእስ ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ርእሱም ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው ያልተፈለፈለውን ሩዝ በኩንታል አምጥቶ ያስመዝናል። ሲፈለፈል ከክብደቱ ሲሦው ያህል በቅርፊትና በብናኝ መልክ ይቀነሳል። ስለዚህ የገባውና የወጣው ኪሎ በትክክል ካልተጻፈ በገበሬውና በባለ መፈልፈያው መካከል ጥርጣሬ ይነሣል። በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ነው።

አሁን የተለመደውን ዕቅድ ከሜዳው ወራት ጋር እናነጻጽር። ሩዙ በሰኔ አካባቢ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ የመፈልፈያውም ሥራ የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት ሲጀመር፣ ሚዛኑ ዕረፍት በማያገኝበት ወራት ተማሪው ገና «የችግሩ መግለጫ» የሚለውን ምዕራፍ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ተሠርቶ ለሙከራ ሲደርስ ግን ወሩ ግንቦት ወይም ሰኔ ይሆናል፤ ገበሬውም ወደ እርሻው ተመልሷል። የሚሞክረው ሰው ስለሌለ ተማሪው ራሱ በፈጠራቸው ስሞችና ቁጥሮች ሞክሮ «በሚገባ ሠርቷል» ብሎ ይጽፋል። ፈታኙም የሚያየው ይህንኑ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ከውጭ አገር መጻሕፍት የተወሰደ ነው የሚል ቢኖር፣ የመጣበትን ምንጭ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን አሠራር በሥዕል ካሳየ በኋላ፣ ሙከራ በመጨረሻ ብቻ ሲመጣ አደገኛ መሆኑን ገልጾ፣ ሥራው ሁለት ጊዜ እንዲሠራ መክሯል። ሥዕሉ በየትምህርት ቤቱ ሲዞር ምክሩ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጉድለት የርእስ መብዛት ነው። መዝገብ ብቻ ሲበቃ የገበያ ዋጋ፣ የሰብል በሽታ ምርመራና የኢንተርኔት ሽያጭ ይጨመራሉ፤ ሁሉም ተጀምረው አንዱም አያልቅም። ጥንቃቄ የሚሹት ትንንሽ ነገሮች ግን ይዘነጋሉ። ለምሳሌ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ገበሬ ሌላ ጸሐፊ «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒዩተሩ የለም ይላል፤ በእርሱ ዘንድ ኃ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ፕሮግራም ለመሥራት በተለመዱት ቋንቋዎች ውስጥ ያለው መደበኛ ቀን አቆጣጠርም የፈረንጅ ስለ ሆነ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን አያውቃትም። ጥማድም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የመሬት ስፋት በሄክታር ብቻ ይጻፍ ማለት ከገበሬው ጋር አያግባባም።

በአገራችን የተሻለ አብነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ያቋቋመው 8028 የተባለው የስልክ አገልግሎት ገበሬው በነፃ ደውሎ ምክርን በገዛ ቋንቋው በድምፅ እንዲሰማ አደረገ። ማንበብም፣ ውድ ስልክም አልጠየቀውም። ዕቅዱ የተነሣው ተጠቃሚው በእጁ ከያዘው ነገር ነበር።

ምናልባት «ተማሪ የሚፈተነው ዘዴውን ማወቁ ነው እንጂ ለነጋዴ ማገልገሉ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም በሰው እጅ ያልተፈተነ ዘዴ መታወቁ በምን ይረጋገጣል?

ስለዚህ አሳባችን አጭር ነው። የፎገራን ሥራ የሚመርጥ ቡድን የወራቱን ሠንጠረዥ ከመፈልፈያው ሚዛን ይጀምር። በኅዳር ስም፣ ቀን፣ የገባና የወጣ ኪሎ ብቻ የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ይሥራ፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው እንዳይቆም የወረቀቱ ደብተር ጎን ለጎን ይያዝ። በጥርና በየካቲት በእውነተኛው ወረፋ ላይ ይሞክረው፤ የተገኘውንም ስሕተት አርሞ ጽሑፉን ከዚያ በኋላ ያሟላ። አማካሪ መምህራንም የመጀመሪያውን መንፈቅ ውጤት ለገጽ ብዛት ብቻ ሳይሆን ለዚህች ትንሽ ሙከራም ቢሰጡ፣ ተማሪው ሳይመረቅ መዝገቡ ወረታ ላይ ሥራ ይጀምራል።