በግራፎቻችን ላይ ስለሚሠመረው የስሕተት መስመር

ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ ስማዳ ቆላ የወረደ ሰው አገሩ አንድ ወጥ አለመሆኑን በእግሩ ያውቀዋል። በደጋው ገብስና ድንች፣ በቆላው ማሽላና ጤፍ ነው፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የደገኛውና የቆለኛው ገበሬ አዝመራ አይገናኝም። እኛ ተማሪዎች ግን ይህን አገር በመጠይቅ አጥንተን ስንመለስ ጋይንትን አንድ ዓምድ፣ ስማዳን አንድ ዓምድ፣ እስቴን አንድ ዓምድ አድርገን በኤክሴል እናቆመዋለን። ዓምዱ አማካይ ብቻ ነው። ገበሬዎቹ ምን ያህል እንደሚለያዩና የጠየቅናቸው ሰዎች ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስተማምን በሥዕሉ ላይ የሚናገረው በዓምዱ ጫፍ የሚሠመረው የስሕተት መስመር ነው። ሂሴም በዚሁ መስመር ላይ ነው።

በቅርቡ ካነበብኋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ መስመሩን አልረሱትም፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን በማስመሪያ ቢለኳቸው በአንድ ግራፍ ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ እኩል ናቸው። ሃያ ቤተ ሰብ የተጠየቀበትም ቦታ፣ ሁለት መቶ የተጠየቀበትም ቦታ አንድ ዐይነት መስመር ተሸክሟል። ይህ እንዴት ይሆናል? ጸሐፊዎቹ ሂሳቡን አልሳቱም፤ የየቦታው ስታንዳርድ ኤረር በሠንጠረዣቸው ውስጥ በትክክል ተሠርቶ ተቀምጧል። ወደ ሥዕሉ ግን አልደረሰም።

ጥፋቱ ያለው ከምርጫው ላይ ነው። ኤክሴል «ስታንዳርድ ኤረር» የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ ተማሪውም ስሙን አይቶ የምፈልገው ይኸው ነው ብሎ ይጫነዋል። ፕሮግራሙ ግን ያን ጊዜ የሚያየው ከፊቱ የቆሙትን ዓምዶች ቁመት ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ አማካይ በስተኋላ ስንት ገበሬ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ከቁመቶቹ አንድ ቁጥር ያወጣና ለሁሉም እኩል ያድላል። ያ ቁጥር የጋይንት አማካይ ምን ያህል እንደሚታመን አይነግረንም። «ፐርሰንቴጅ» የሚለውም አይሻልም፤ ካልለወጡት በ5 በመቶ ይጀምርና ለረጅሙ ዓምድ ረጅም፣ ለአጭሩ አጭር መስመር ይሰጣል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ግራፍ የምንሠራው በእርሳስ ነበር፤ ርዝመቱን ሳያውቁ መስመር ማሥመር በእርሳስ አይቻልም። ማሽኑ ይህን እንቅፋት አንሥቶልናል፤ በዚህስ አልተጠቀምንም።

ትክክለኛው ምርጫ ከሁሉ በታች የተቀመጠው «ከስተም» ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት የኤክሴል እትሞች ግራፉን ሲነኩት በጎኑ የመደመር ምልክት ይወጣል፤ ከእርሱ «ኤረር ባርስ»፣ ቀጥሎ «ሞር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ከስተም»ና «ስፔሲፋይ ቫልዩ» ይመረጣል። ሁለት ሳጥኖች ይከፈታሉ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ለሚሄደው መስመር ነው። በውስጣቸው አስቀድሞ የተጻፈውን 1 ቁጥር ማጥፋት፣ በምትኩም ስታንዳርድ ኤረሮቹ ያሉባቸውን ሴሎች በዓምዶቹ ቅደም ተከተል መምረጥ ነው።

እዚህ የደረሱትም ቢሆኑ በአንድ ነገር ሲሰናከሉ አይቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የቀነጨሩ ሕፃናትን መጠን በአማራ ክልል 46፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ 43፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ አድርጎ አቅርቧል። የ46ና የ15 ልዩነት ክርክር የለውም፤ የ46ና የ43 ግን ያለ መስመሩ አይፈረድም። ሪፖርቱ በመጨረሻው ክፍል ስታንዳርድ ኤረሩንና በሁለት ስታንዳርድ ኤረር ርቀት ያሉትን ታችኛና ላይኛ ወሰኖች ይሰጣል። ተማሪው ወሰኖቹን እንዳሉ ገልብጦ በሳጥኖቹ ውስጥ ያስገባቸዋል። ኤክሴል የሚጠይቀው ግን ወሰኑን ሳይሆን ከዓምዱ ጫፍ እስከ ወሰኑ ያለውን ርቀት ነው። ለምሳሌ ያህል ዓምዱ 46፣ ላይኛው ወሰን 50 ቢሆን መግባት ያለበት 4 ነው፤ 50 ከገባ መስመሩ እስከ 96 ይወጣል።

ነገሩ የሥዕል ውበት ብቻ አይደለም። ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቀበሌን ከቀበሌ የሚያበላልጥ ግራፍ አንድ ቀን ከአንድ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያ ሰው ዓምዱን እንጂ አባሪውን አያነብም።

መስመሩ የምን መሆኑም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ስታንዳርድ ኤረርና የ95 በመቶ ወሰን በመልክ አንድ ናቸው፤ በትርጉም ግን አይገናኙም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሣራ ቤሊያና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በታወቁ መጽሔቶች የጻፉ ተመራማሪዎች እንኳ ብዙዎቹ እነዚህን መስመሮች አሳስተው እንደሚያነቡ ታይቷል።

እኔም ከተወቃሾቹ አንዱ ነኝ። ባለፈው ዓመት ያቀረብኩት የገብስ ግራፍ ሦስት እኩል መስመሮች ነበሩበት። ዘንድሮ በ«ከስተም» እንደገና ባሠምረው የስማዳው መስመር፣ ጥቂት ገበሬዎች ብቻ ስለ ጠየቅሁ፣ ከጋይንቱ ዓምድ ጫፍ አልፎ ወጣ። «የጋይንት ምርት ከስማዳ ይበልጣል» የሚለውን አንቀጼን ሰርዤዋለሁ።